አምስት የሼሪ በርሜል ውስኪ ለስድስት ሰው፦ ቅደም ተከተሉ፣ ውሃው፣ የክብሪት ሽታውና አመዛዘኑ

የፒያሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ማታ ፒያሳ፣ ቤት ውስጥ፣ ለስድስት ሰው የሼሪ (ጠንከር ያለ የስፔን ወይን) በርሜል ሲንግል ሞልት (ከአንድ ማውጫ ቤት ብቻ የወጣ የብቅል ውስኪ) ቅምሻ እያዘጋጀሁ ነው። ሁሉም ውስኪ የለመዱ ናቸው፤ ግን ጨዋታው ሁልጊዜ «ይሄ ይሻላል፣ ያኛው ከበደኝ» ላይ ይቆማል። በዚህኛው ጠርሙሶቹ ተሸፍነው፣ ሁሉም የየራሱን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከዚያ ምክንያት እየሰጠን እንድንነጋገር ነው የምፈልገው።

ያሉት ጠርሙሶች ባልቬኒ ደብልዉድ 12 (40 በመቶ አልኮል)፣ ግሌንድሮናክ 12 (43 በመቶ)፣ ግሌንፋርክላስ 15 (46 በመቶ) እና አበርላወር አቡና (60 በመቶ ገደማ) ናቸው። አምስተኛው ከአንድ የኦሎሮሶ (ደረቅ የሼሪ ዓይነት) በርሜል ብቻ የተሞላ፣ 58 በመቶ የሆነ ነው፤ ስሙን እዚህ አልጠቅስም፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እሱ ላይ ነው። ሲከፈት አሁን የተጫረ ክብሪት ይሸታል።

ጥያቄዎቼ፦ በምን ቅደም ተከተልና በምን ያህል መጠን ይቀዳ? ቱሊፕ ቅርጽ ያለው ብርጭቆ ያለኝ ሦስት ብቻ ነው፤ በብርሌ ወይም በመለኪያ መሙላት ይቻላል? ውሃ መቼና ስንት? የክብሪቱ ሽታ የተበላሸ ውስኪ ምልክት ነው ወይስ ባሕርዩ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የምንቀምሰው ጣፋጭ ነገር ከበርሜሉ የመጣ ይሁን ከራሱ ከውስኪው እንዴት እንለያለን?

ኦሎሮሶ

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

ጠርሙስ ላይ «ሼሪ» ስለተጻፈ ብቻ አምስቱ አንድ ቤተሰብ አይሆኑም። ባልቬኒ ደብልዉድ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በአሜሪካ ኦክ (በርሜል የሚሠራበት እንጨት) በርሜል ነው፤ ወደ ሼሪ በርሜል የሚዛወረው መጨረሻ ላይ ለ9 ወር ያህል ነው። አቡና ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኦሎሮሶ በነበረበት በርሜል ውስጥ የኖረ ነው። ግሌንድሮናክ 12 ኦሎሮሶንና ፔድሮ ሂሜኔዝን (በጣም ጣፋጩን የሼሪ ዓይነት) ያጣመረ ነው። ስለዚህ «የትኛው ላይ ሼሪ በዛ» የሚለው መልስ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ምላስ የሚያስፈልገው ለሌላ ጥያቄ ነው፦ ከሼሪው ሥር ውስኪው አለ ወይስ ተቀብሯል? ወረቀታችሁ ላይ ከሁሉ በላይ ይህን ጥያቄ ጻፉት።

ለዚህ ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት አዘጋጁ፦ ወይኑ፣ እንጨቱ፣ ብቅሉ። የሚያገኙትን እያንዳንዱን ሽታና ጣዕም ከሦስቱ በአንዱ ሥር ይጻፉ።

ወይኑ ሥር የሚገቡት ዘቢብ፣ ተምር፣ የደረቀ በለስ፣ ዋልነት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንዴም በጣም ቀጭን የአቼቶ ሽታ ናቸው። ተምሩና ዘቢቡ ወፍራም፣ ሽሮፕ መሳይ ከሆነ የፔድሮ ሂሜኔዝ እጅ አለበት፤ ደረቅ ሆኖ ወደ ዋልነትና ወደ ብርቱካን ልጣጭ ካደላ ኦሎሮሶ ነው።

እንጨቱ ሥር ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ የቆዳ ሽታ፣ ድድ የሚያደርቅ ታኒን ይገባሉ፤ እነዚህ በአብዛኛው የአውሮፓ ኦክ ናቸው። ቫኒላና ኮኮናት ከመጡ የአሜሪካ ኦክ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅርንፉድና ቀረፋ ሲያገኝ «ሼሪው እንዴት ኃይለኛ ነው» ይላል፤ ቅመሙን የሰጠው ግን ሼሪው ሳይሆን እንጨቱ ነው። ድሮ ሼሪ ከስፔን ወደ ብሪታንያ በበርሜል ይጓዝ ስለነበር ባዶው በርሜል ለውስኪ ይተርፍ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሼሪ ስፔን ውስጥ ብቻ እንዲታሸግ ሲወሰን ያ መንገድ ተዘጋ። ዛሬ በርሜሉ ለውስኪ ተብሎ በአዲስ መልክ ይሠራል፤ ሼሪ በሚሠራበት በስፔኑ ሄሬዝ አካባቢ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያህል ሼሪ ተሞልቶበት ይቆያል፤ ከዚያ ተገልብጦ ወደ ስኮትላንድ ይላካል። ያ ሼሪ በርሜሉን ለማሟሸት የተዘጋጀ ነው እንጂ ለመጠጥ ወደ ገበያ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ አዲስ እንጨት የሚሰጠው ቅመምና ታኒን ከወይኑ ጋር አብሮ ይመጣል።

ብቅሉ ሥር ማር፣ ፖም፣ ዳቦ፣ የገብስ ቆሎ፣ የአፍ ውስጥ ዘይትነት፣ የሥጋ መረቅ መሳይ ክብደት ይገባሉ። ግሌንፋርክላስ ማውጫዎቹን (መጠጡ የሚፈላባቸውን ጋኖች) እስከ ዛሬ በቀጥታ እሳት ስለሚያሞቅ ከባድ፣ ወፍራም አካል ይጠበቅበታል። ይህ ዓምድ ባዶ የቀረበት ናሙና የቱንም ያህል ቢጣፍጥ በእኔ ሚዛን ከ100 ከ84 በላይ አያገኝም። በርሜሉ ብቻውን ከተናገረ የትኛውም ዲስቲለሪ (ማውጫ ቤት) ያወጣው መጠጥ እዚያ ቢገባ ልዩነቱ አይታወቅም ማለት ነውና።

ታኒንን ከአልኮል ማቃጠል ለመለየት፦ አልኮል ምላስ ጫፍና ጉሮሮ ላይ ወዲያው ያቃጥላል፣ ከዚያ ይበርዳል፣ ውሃ ሲጨመርበትም ይቀንሳል። ታኒን ድድና የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ላይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሦስተኛው ጉንጭት ላይ ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ውሃም እምብዛም አያላላውም። ከተዋጠ በኋላ አፍ ደርቆ ምራቅ የሚያስፈልግ ከሆነ በርሜሉ አልፏል።

ቀለሙን ተዉት። እ.ኤ.አ. የ2009 የስኮትች ደንብ ካራሜል ቀለም፣ ኢ150ኤ የሚባለውን፣ መጨመር ይፈቅዳል። ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ዕድሜው ገፍቷል፣ ሼሪውም በዝቷል ማለት አይቻልም። ከጀርመን የመጣ ጠርሙስ ካላችሁ ግን ጀርባውን እዩ፤ እዚያ አገር ቀለም የተጨመረበት ሁሉ በጀርመንኛ እንዲጻፍበት ስለሚገደድ «ሚት ፋርብሽቶፍ» (ቀለም ያለበት) የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ብርጭቆ ግድግዳ ላይ የሚወርደው «እንባ»ም ስለ አልኮል መጠን እንጂ ስለ ጥራት አይናገርም።

ባንኮኒ

ኦሎሮሶ ከላይ የጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ጠረጴዛው ልጻፍ። ጥሩ ቅምሻ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከምላስ ሳይሆን ከዝግጅት ነው።

ብርሌ አይሆንም። አንገቱ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ከ40 በመቶ በላይ የሆነ ነገር ሲገባበት አልኮሉ አንገቱ ላይ ይታፈንና ፍሬውን ከማግኘታችሁ በፊት አፍንጫን ያደነዝዛል፤ አፍንጫም ወደ ውስጥ አይገባም። መለኪያ ደግሞ አፉ ከታቹ እኩል ወይም ሰፊ ስለሆነ ሽታው ይበተናል። ሦስት ቱሊፕ ካለሽ ሦስት ፈልጊ፤ ካልተገኘ ስድስቱም በአንድ ዓይነት ትንሽ የወይን ብርጭቆ፣ ወደ አፉ ጠበብ ባለው፣ ይቀመስ። ሦስት ሰው በቱሊፕ፣ ሦስት ሰው በሌላ ብርጭቆ ከሆነ ግን ቅምሻው የብርጭቆ ውድድር ይሆናል።

ብርጭቆዎቹን ከቀኑ በፊት በሙቅ ውሃ ብቻ አጥባችሁ አየር ላይ አድርቁ። የሳሙና ሽቶና የፎጣ ሽታ ብርጭቆ ላይ ይቀራል። ቁም ሳጥን ውስጥ ተደፍቶ የቆየ ብርጭቆም የእንጨት ሽታ ይይዛል፤ ሼሪ ውስኪ ላይ ደግሞ ይህ «በርሜሉ ነው» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

መጠኑ ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ 15 ሚሊ ነው። ለስድስት ሰው ከአንድ ጠርሙስ 90 ሚሊ ይወጣል። 20 ሚሊ ብትቀዱ ለአንድ ሰው ጠቅላላው 100 ሚሊ ይደርሳል፤ በእነዚህ ዲግሪዎች ወደ 39 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። በ15 ሚሊ ወደ 29 ግራም ይወርዳል። አራተኛው ብርጭቆ ላይ የሚፈርደው አልኮሉ እንዳይሆን ልዩነቱ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሰው መትፊያ ኩባያ አስቀምጡ፤ መኪና የሚነዳ ሰው ካለ ይትፋ፣ ባይነዳ ደግሞ ይሻላል። መቅጃው ከፋርማሲ የሚገዛ 20 ሚሊ ሲሪንጅ ይሁን፤ በዓይን የተቀዳ 15 ሚሊ አንዴ 10፣ አንዴ 25 ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ፦ ደብልዉድ፣ ግሌንድሮናክ፣ ግሌንፋርክላስ፣ አቡና፣ በመጨረሻ ክብሪት የሚሸተው። ከቀላል ዲግሪ ወደ ከባድ ነው፤ ሼሪው በጥቂቱ ከነካው ወደ ሙሉው ነው። ክብሪቱን መሀል ብታገቡት ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ክብሪት ይሸታል፣ የድኝ ሽታ አፍንጫ ላይ ይቆያልና። እኔ እንዲያውም ከውጤቱ ውጭ አድርጌ ለብቻው ለትምህርት ባቀርበው እመርጣለሁ።

ቀጂው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ በሌላ ክፍል፣ ቁጥር ብቻ በተጻፈበት ብርጭቆ። ጠርሙሱን በጋዜጣ መጠቅለል አይበቃም፤ ደብልዉድንና ግሌንፋርክላስን በትከሻቸው ቅርጽ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ቀለም እንዳይታይ ከፈለጋችሁ የብርጭቆውን ሆድ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉ።

ውሃው የታሸገ፣ ጋዝ የሌለው። አምቦ ውሃ ከምግብ ጋር ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ጋዙ ምላስን ይቆነጥጣል፣ ማዕድኑም ጣዕሙን ይለውጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ይሰማል። በረዶ አይግባ።

ምግብ፦ ሚጥሚጣና በርበሬ ያለበት ነገር ከቅምሻው በኋላ ይቅረብ፤ ከበርበሬ በኋላ ታኒንና አልኮልን የሚለይ ምላስ የለም። መሀል ላይ ቅመም የሌለው ዳቦና ውሃ ይበቃል። ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ እንግዳ ተቀባይነት ነው፣ ግን የመጨረሻው ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን። ሽቶ ተቀብቶ እንዳይመጣ ለሁሉም ቀድመሽ ተናገሪ፤ ይህን ማለት የሚከብድ ቢሆንም ግድ ነው።

ጋሽ አራት ኪሎ

እህቴ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ስለ ክብሪቱ፣ ሁለተኛው ስለ ከተማችን ከፍታ።

ሽታው የድኝ ነው። ድኝ ግን ወደ ውስኪ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው፤ ፍርዱም እንደ መንገዱ ይለያያል። አንደኛው መንገድ ከማውጫው ነው። ገብሱና እርሾው በፍላት ጊዜ የድኝ ውሁዶች ይሰጣሉ፤ የማውጫው መዳብ እነዚህን ይይዛል። እንፋሎቱ መዳቡን የሚነካበት ጊዜ አጭር ከሆነ ብዙ ያልፋል። ሽታው የተቀቀለ ጎመን፣ ጎማ፣ የሥጋ መረቅ ነው፤ በበርሜል ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ይቀንሳል። ሁለተኛው መንገድ ከበርሜሉ ነው። ባዶ የወይን በርሜል እንዳይሻግትና ወደ አቼቶ እንዳይዞር ውስጡ ድኝ ይቃጠልበታል። ያ ጋዝ እንጨቱ ውስጥ ይቀርና በኋላ ክብሪትና ባሩድ ሆኖ ይወጣል። የሼሪ በርሜል ውስኪ ላይ ሰው የሚጨቃጨቅበት ይኸኛው ነው። ለድኝ ያለው ስሜት ደግሞ ሰው በሰው ይለያያል፤ ከስድስታችሁ አንዱ ጨርሶ ላይሸተው፣ አንዱ ብርጭቆውን ሊገፋው ይችላል። ሁለቱም እየዋሹ አይደለም።

ለመለየት የመዳብ ሙከራ አድርጊ። የቤት መብራት ሽቦ ፕላስቲኩን ልጠሽ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መዳብ አውጪ። የሞተር መጠምጠሚያ ሽቦ ላዩ ቫርኒሽ ስለተቀባ አይሠራም። በአቼቶና በጨው እስኪያብረቀርቅ ፈትጊው፣ በብዙ ውሃ አጥቢው። ከዚያ በሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ 10፣ 10 ሚሊ ቅጂ፤ በአንዱ ሽቦውን ጨምሪ፤ ሁለቱንም ክደኚ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጎን ለጎን አሽትቺ። መዳቡ የገባበት ከጠራ ጥፋቱ መዳብ የሚይዘው ዓይነት ነው፣ የተበላሸ እንቁላልና ጎመን የሚሸቱት እዚህ ይገባሉ። ምንም ካልተለወጠ መዳብ የማይነካው ዓይነት ነው፤ የተቃጠለው ድኝም ከዚህ ወገን ነው። ሽቦ የገባበትን አትጠጡት፤ ለማሽተት ብቻ ነው፣ ከዚያ ይደፋ።

ስለ ከፍታው። ፒያሳ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩ ሲሳሳ አልኮል ከብርጭቆው ፈጥኖ ይወጣል። ስለዚህ መጻሕፍት ላይ ያለው «አፍንጫህን ብርጭቆ ውስጥ አስገባ» የሚለው ምክር እዚህ ለ58 እና ለ60 በመቶ አይሠራም። ብርጭቆውን ከተቀዳ በኋላ በትንሽ ሳህን ለ10 ደቂቃ ክደኑ። ክዳኑን ስታነሱ መጀመሪያ የሚወጣውን አሳልፉት። ከዚያ ብርጭቆውን ከአገጭ ሥር ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አምጡት፤ አፋችሁን በትንሹ ከፍታችሁ አሽትቱ፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አፍንጫ። እንደ ወይን አታዙሩት፤ የሚነሳው አልኮሉ ነው። አፍንጫው ከደነዘዘ የራሳችሁን ክንድ ቆዳ ወይም ውሃ አሽትታችሁ ትንሽ ጠብቁ።

የክፍሉ ሙቀት 18 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ምሽት ከዚያ በታች ሲወርድ ሼሪ ውስኪ ይዘጋል፤ ፍሬው ተደብቆ ታኒኑ ብቻ ይቀራል። ያኔ ብርጭቆውን በመዳፍ ይዞ ማሞቅ ነው።

ውሃ በጠብታ መጨመር ለብቻ ለሚጠጣ ሰው ነው። ስድስት ሰው እንዲነጋገር ከተፈለገ በልክ ይሁን። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ያለውን ዲግሪ ለሚፈለገው ዲግሪ አካፍሉ፣ 1 ቀንሱ፣ በውስኪው መጠን አባዙ። 15 ሚሊ አቡና ከ60 ወደ 50 ለማውረድ 3 ሚሊ፣ ወደ 46 ለማውረድ 4.6 ሚሊ። የ58ቱ ወደ 46 ለመውረድ 3.9 ሚሊ። በ5 ሚሊ ሲሪንጅ ይለካል። ውሃውን ከቅምሻው 20 ደቂቃ በፊት ጨምራችሁ ክደኑት፤ ወዲያው የተቀመሰ ድብልቅ አልተዋሐደም።

ጥፋት ለመፈለግ ሌላ መንገድ አለ። የውስኪ ቀማሚዎች ናሙና ሲመረምሩ እስከ 20 በመቶ ድረስ ያቀጥኑታል። ለምሳሌ 15 ሚሊ የ46 በመቶ ውስኪ ላይ 19.5 ሚሊ ውሃ። አልኮሉ ሲርቅ ድኝ፣ ሻጋታ፣ የቡሽ ሽታ፣ አቼቶ ፊት ለፊት ይወጣል። ይህ ለማሽተት ነው፤ ለደስታ የሚጠጣ ነገር አይሆንም።

ኦሎሮሶ

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ቦታ እለያለሁ። አቡናንና የ58ቱን ቀድሞ ወደ 46 ማውረድ ለንጽጽር ፍትሐዊ ነው፤ ግን ሳይበረዝ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀመስ ወደ ውሃ መሄድ አይገባም። ሼሪ ውስኪ ላይ ውሃው ሁልጊዜ አይከፍተውም። በታኒን የተሞላ ውስኪ ላይ ውሃ ሲጨመር ጣፋጩ ይሳሳና እንጨቱ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ 15 ሚሊውን ሁለት ክፈሉት፦ 5 ሚሊ እንዳለ፣ 10 ሚሊ በውሃ። ለ10ሩ የሚሆነው ውሃ ለአቡና 3 ሚሊ፣ ለ58ቱ 2.6 ሚሊ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ ራሱ ማስረጃ ነው። ውሃ ሲነካው ማር፣ ብቅልና ፖም ከወጡ ከሥሩ ውስኪ ነበረ። ምሬትና ደረቅ እንጨት ብቻ ከቀረ አልነበረም።

የመጀመሪያዋን ጉንጭት አትፍረዱባት። አፍን ለአልኮሉ ማለማመጃ ናት። በሁለተኛዋ 3 ሚሊ ያህል አፍ ውስጥ ለ10 ሰከንድ ይዛችሁ ምላስ ላይ፣ ከምላስ ሥርና ድድ ላይ አዳርሷት፤ ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ በአፍንጫ ተንፍሱ። ከዚያ ሰዓት እያያችሁ ምን እንደቀረና ለስንት ጊዜ እንደቀረ ጻፉ። ርዝመት ብቻውን ነጥብ አያሰጥም። ለሁለት ደቂቃ የቆየ ምሬት ለግማሽ ደቂቃ ከቆየ ንጹሕ የብርቱካን ልጣጭ አይበልጥም።

ነጥቡ እንደ ልማዱ ለሽታ 25፣ ለጣዕም 25፣ ለሚቀረው ጣዕም 25፣ ለሚዛን 25 ይሁን። ሚዛን የሚለው ላይ ሦስቱን ዓምዶች ተመልከቱ።

ሌላ ሁሉም የሚረሳው ፈተና ባዶው ብርጭቆ ነው። ሳይታጠብ ክደኑትና በማግስቱ ጠዋት አሽትቱት። አልኮሉ ሄዷል፤ የቀረው ነገር እውነቱን ይናገራል። ሙሉ ዕድሜውን በሼሪ በርሜል ያሳለፈው ላይ ዘቢብ፣ ካካዎና የድሮ እንጨት ይቀራል። በመጨረሻ ብቻ የተዛወረው ላይ ማር፣ ቫኒላና ገብስ ጎልቶ ይወጣል። ድኝ ካለም እዚያ ነው፣ አይደበቅም።

የፒያሳዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የመዳቡን ሙከራ ባሉት መሠረት ሠራሁት። ሽቦ የገባበት ላይ ከሥር የነበረ ጎመን መሳይ ነገር ጠፋ፣ ዘቢቡም ቀረብ አለ። ክብሪቱ ግን በሁለቱም ብርጭቆ እኩል ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ከውድድሩ ይውጣ?

ሌላው፣ ከጠርሙሶቹ አንዱ ሲከፈት ቡሹ በኃይል ተገፍቶ ወጣ። ጠርሙሱ የተነካካ ይሆን? በቅምሻው ያልተጠናቀቀውንስ እንዴት ላስቀምጥ?

ጋሽ አራት ኪሎ

ሁለቱም መንገድ አለበት ማለት ነው። ጎመኑ መዳብ የሚይዘው ነበር፤ ክብሪቱ የበርሜሉ ሳይሆን አይቀርም። ከጠርሙሱ አንድ ሦስተኛው ያህል ተቀድቶ አየር ሲያገኝ በሳምንታት ውስጥ ሊለዝብ ይችላል፤ ለቅዳሜ ግን አይደርስም። ለቅዳሜ የእሱን ብርጭቆ ከሌሎቹ በተለየ ከ40 ደቂቃ በፊት ቅዱትና ሳይከደን ይቆይ። ከዚያ በኋላ ክብሪቱ ወደ ጀርባ ሄዶ ፍሬውና ቆዳው ከፊት ከመጡ ባሕርይ ነው በሉት፣ ነጥብ ይሰጠው። ፍሬው አሁንም ከተሸፈነ፣ ከተዋጠም በኋላ የሚቀረው ክብሪት ብቻ ከሆነ ጥፋት ነው። ዋጋው ወይም ብርቅነቱ ይህን አይለውጠውም። ከውድድሩ አታውጡት፤ ባንኮኒ ይቅር ይበለኝ፣ ግን ስድስት ሰው ስሙን ሳያውቅ ድኝን አግኝቶ መጻፍ መቻሉ ራሱ ትልቁ ትምህርት ነው። መጨረሻ ላይ ይቅረብ የሚለውን ግን እቀበላለሁ።

ባንኮኒ

ጋሼ ካሉ ይሁን፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ አልቃወምም።

የቡሹ ነገር በአብዛኛው ከከፍታው ነው። ጠርሙሱ የታሸገው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ዝቅ ባለ ቦታ ነው፤ በአንገቱ ያለው አየር እዚህ ሲመጣ ከውጭው አየር ይበልጥ ይገፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቡሹን በአውራ ጣት ጫን ብለሽ እያዞርሽ ክፈቺ። መነካካቱን የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ የላይኛው ሽፋን የተቀደደና እንደገና የተለጠፈ መሆኑ፣ ሳይከፈት ከሌላው ተመሳሳይ ጠርሙስ በግልጽ ዝቅ ያለ መጠን፣ ጠርሙሱ ላይ የታተመው ኮድ የተፋቀ መሆኑ። ቡሹ ላይ እስከ ላይ ድረስ የወጣ የውስኪ ዱካ ካለ በጉዞ ላይ አፍስሷል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጋድሞ በመጓዙ ነው።

የተረፈውን አቁመሽ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ። ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ቡሽ ይበላል፣ ስለዚህ እንደ ወይን አይጋደምም። ግማሽ ድረስ ያለው ጠርሙስ ለወራት ደህና ይቆያል። ከሩብ በታች የወረደውን ግን ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ድረስ ገልብጪው፤ በሙቅ ውሃ ብቻ የታጠበና በደንብ የደረቀ፣ ጠመዝማዛ ክዳን ያለው ይሁን። የሚጠፋው መጀመሪያ ብርቱካኑና ፍሬው ነው፣ እንጨቱ ይቀራል። የ58ቱን ግን ለጊዜው አትገልብጪው፤ ለእሱ አየሩ መድኃኒቱ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ቀጂው ወረቀቶቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ ከቀማሾቹ ጋር አይቀመጥ። ስሙን የሚያውቅ ሰው ፊት ላይ ብዙ ነገር ይነበባል።